በደጃፍ የቀረው ገድል

«የሌዲ ሚዩዝ ብራና ቁጥር 1» ስለተባለው ኅትመት

መጽሐፍ በሁለት መንገድ ይከበራል፤ በማንበብና በማስጌጥ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ እሰየው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ግን ጥያቄ ይነሳል። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ዘንድ ሁለቱ ክብሮች ተለያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ቁም ጸሐፊው በገጹ ራስጌ ላይ ሐረግ የሚጥለው፣ ሠዓሊው የቅዱሱን ዓይን አጉልቶ የሚሥለው፣ ደጓሹ ቆዳውን በጋለ ብረት የሚያስጌጠው መጽሐፉ እንዲነበብ፣ እንዲሰማና እንዲሳለሙት ነው። ጌጡ ለንባቡ ያገለግላል እንጂ ንባቡ ለጌጡ አያገለግልም።

ዛሬ የምናነሳው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት የገለበጠ ነው። ገልብጦም ድንቅ ሥራ ሆኗል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ መጥፎ ሥራ ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር ተችቶ ማለፍ ይቻል ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1898 ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ታተመ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመባአ ጽዮንና የገብረ ክርስቶስ ሕይወት» ማለት ነው። ሌላም ስም አለው፤ «የሌዲ ሚዩዝ ብራና ቁጥር 1»። የግእዙን ጽሑፍ ያሰናዳውና ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ዋሊስ በጅ ነው። በጅ በብሪቲሽ ሙዚየም የግብፅና የአሦር ቅርሶች ክፍል ኃላፊ የነበረ ሲሆን፣ እኛ ይበልጥ የምናውቀው በ1922 ክብረ ነገሥትን፣ በ1928 ደግሞ ስንክሳርን በእንግሊዝኛ በማውጣቱ ነው። ኅትመቱ የዊልያም ግሪግስ ነው። ያሳተመችው የብራናው ባለቤት ሌዲ ቫለሪ ሚዩዝ ናት። በውስጡ 92 ባለቀለም የሥዕል ሠሌዳዎችና ሌሎች 33 ሥዕሎች አሉት። ለገበያ ሳይሆን በግል የታተመ ሲሆን ብዛቱም 300 ቅጂ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ በዚህ አላቆመችም። በ1900 ተአምረ ማርያም፣ በ1906 ደግሞ የተክለ ሃይማኖት ገድል በተመሳሳይ መንገድ ታትመውላታል። ሆኖም የዚህን ሁሉ ሥራ ጠባይ አጥርቶ የሚያሳየው የመጀመሪያው ስለሆነ ትኩረታችን በእሱ ላይ ይሆናል።

የግሪግስ እጅ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋናውን አስቀድመን እንስጥ። ዊልያም ግሪግስ ተራ አታሚ አልነበረም። ለንደን በነበረው የሕንድ ሙዚየም ሲሠራ ቆይቶ፣ ፔካም በተባለው የከተማይቱ ክፍል የራሱን ማተሚያ ያቋቋመ፣ ፎቶግራፍንና የድንጋይ ኅትመትን አጋብቶ ባለቀለም ሥዕል የሚያባዛበትን ዘዴ የፈለሰፈ ሰው ነው።

ዘዴው ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ የብራናው ገጽ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከፎቶግራፉ ላይ ደብዘዝ ያለ ንድፍ ተወስዶ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ይህ ንድፍ ለቀሪው ሥራ መሪ ይሆናል። ቀጥሎ የፎቶግራፉ ነጋቲቭ ይባዛና በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ቀለም ድርሻ ብቻ እንዲቀር ሌላው በቫርኒሽ ይሸፈናል። ቀዩ ወደ አንድ ድንጋይ፣ ሰማያዊው ወደ ሌላ ድንጋይ፣ ቢጫውም ወደ ራሱ ድንጋይ ይዛወራል። ከዚያ ያው ወረቀት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ እያንዳንዱ ቀለም በየቦታው ይታተምበታል። ወረቀቱ የፀጉር ያህል ቢንሸራተት ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ የቅዱሱ ከንፈር ጉንጩ ላይ ያርፋል።

እስቲ እናስላው። 92 ሠሌዳ በ300 ቅጂ ሲባዛ 27,600 የሥዕል ቅጠል ይሆናል። እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ እንደ ቀለሙ ብዛት ደጋግሞ ከድንጋይ ጋር ተገናኝቷል። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ሺህ ገጽ የምናባዛ ሰዎች ይህን ድካም አቅልለን ማየት የለብንም። በድካሙ መጠን ከብራና ፋቂውና ከቁም ጸሐፊው ሥራ ጋር ቢተካከል ነውር የለበትም።

ውጤቱስ? መስመሩን በተመለከተ ግሪግስ የሚታመን ምስክር ነው። መስመሩን የያዘው ካሜራው ስለሆነ የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እጅ እንዳለ አለ። ሰፋ ብሎ የተከፈተው ዓይን፣ የጣቶቹ ርዝመት፣ የልብሱ እጥፋት በአውሮፓዊ ሠዓሊ ተቀድተው ቢሆን ኖሮ ይለሰልሱ፣ ይታረሙም ነበር። ከዚያ ቀደም ባሉ የአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ የእኛ ሰዎችና ሕንፃዎች እንደ ሮማና እንደ ግሪክ ሐውልት ተስተካክለው የተሣሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ግሪግስ አላረመም፤ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ቀለሙ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ቀለምን እንዳለ አይዝም ነበር። ቀለሙን የለየው፣ የመጠነውና የበጠበጠው የፔካም ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በሠሌዳው ላይ የምናየው ቢጫና ቀይ የሠዓሊያችን ቀለም አይደለም፤ ሠዓሊያችንን አይቶ ሌላ ሰው የሰጠው ትርጓሜ ነው። መልካም ትርጓሜ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ቀለም ከእነዚህ ሠሌዳዎች ብቻ ተነስቶ የሚናገር ሰው ስለ ድንጋይ ኅትመት እየተናገረ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ገድል ሲተረጎም

ወደ በጅ ሥራ እንምጣ። ለበጅም የሚገባው ምስጋና አለው። የግእዙን ጽሑፍ በትርጉም ብቻ ተክቶ አላስቀረውም፤ በፊደላችን አትሞታል። ግእዝ የሚያውቅ ሰው እንግሊዝኛ ሳይፈልግ ሊያነበው ይችላል። በኢትዮጵያ ብራናዎች ሥዕል ላይም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል። የአውሮፓ ምሁራን የግእዝን መጻሕፍት ለቋንቋውና ለታሪኩ ሲሉ ብቻ በሚያገላብጡበት ዘመን ሥዕሉ ራሱ ጥናት ይገባዋል ብሎ መነሳቱ የሚያስመሰግን ነው።

ቅሬታው የሚጀምረው ከርእሱ ነው። «ገድል» ማለት ትግል ማለት ነው። ተጋደለ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ጻድቁ ከሰይጣን፣ ከሥጋው፣ ከዓለም ጋር የገጠመው ፍልሚያ ነው። በጅ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ገድለ ሐዋርያትን በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ርእሱን «የሐዋርያት ተጋድሎ» ብሎ በትክክል ተርጉሞታል። በዚህ መጽሐፍ ላይ ግን «ሕይወት» አለው። አንዲት ቃል ናት፤ ዳሩ ግን የመጽሐፉን መንገድ ትጠቁማለች። ትግል ሰሚውን ይጠራል፣ ያሰልፋል፤ ሕይወት ግን ተቀምጠው የሚያነቡት የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

ትርጉሙም የጥንቱን የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር ይከተላል። በ1898 ለንደን ውስጥ ማንም በዚያ ቋንቋ አይነጋገርም ነበር። ግእዝም በአገራችን የአደባባይ መነጋገሪያ ስላልነበረ ምርጫው ተገቢ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በእኛ ቤት የግእዙን ንባብ ተከትሎ የሚያብራራ መምህር አለ፤ «እንዲህ ማለቱ ነው» እያለ ለገበሬውም ለነጋዴውም ያደርሳል። በባለጸጋ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ የ1898 ቅጂ ግን መምህር የለውም። የጥንት ቋንቋው ምስጢር ከመግለጥ ይልቅ ርቀትን ይጨምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ጽሑፉና ሥዕሉ መለያየታቸው ነው። በብራናው ላይ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ካህኑ ሲያነብ ሥዕሉ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ምእመን ሲሳለም ዓይኑ ታሪኩን ያገኘዋል። በኅትመቱ ግን ግእዙ በማተሚያ ፊደል ተለቅሞ ለብቻው፣ ትርጉሙ ለብቻው፣ ሥዕሉ በየሠሌዳው ለብቻው ሆኗል። ለጥናት ይመቻል። ዳሩ ግን ቁም ጽሕፈቱ ከሥዕሉ ሲነጠል፣ ሥዕሉም «የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ናሙና» ሲባል፣ የቀረልን መጽሐፉ ሳይሆን የመጽሐፉ ክፍሎች ናቸው። በግ ታርዶ ቆዳው፣ ቀንዱና ሥጋው በየመደቡ ቢደረደር ሁሉም አለ፤ በጉ ግን የለም።

በአባቱ ደጃፍ

እዚህ ላይ መጽሐፉ የማንን ታሪክ እንደያዘ ማስታወስ ይገባል። ከሁለቱ ገድላት አንዱ የገብረ ክርስቶስ ነው። ገብረ ክርስቶስ፣ ሕዝቡ «ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ» እያለ የሚጠራው፣ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ነው። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ፣ ዘውዱን ንቆ ወጣ። በባዕድ አገር ለማኝ ሆኖ ኖረ። በኋላ ተመልሶ መጣና በገዛ አባቱ ደጃፍ ተቀመጠ። ማንም አላወቀውም። የአባቱ አገልጋዮች ናቁት፣ አንገላቱት። ንጉሡ በየቀኑ በአጠገቡ እየወጣ እየገባ ልጁን አላወቀም። ያወቀው ልጁ ከሞተ በኋላ፣ በእጁ የጨበጠው ጽሑፍ ሲነበብ ነው።

ይህ ታሪክ በአገራችን ምን ያህል እንደሚወደድ መናገር አያስፈልግም። በደጃፍ የተቀመጠው የኔ ቢጤ ማን እንደሆነ አይታወቅምና አትናቀው የሚለው ትምህርት በየቤቱ የገባው እንዲህ ባሉ ገድላት ነው። እንግዲህ ይህ የድህነትና የመናቅ ገድል ነው በ300 ቅጂ፣ በምርጥ ኅትመት፣ በባለጸጎች መደርደሪያ እንዲቀመጥ የተደረገው። የልዑሉን ቡትቶ ለማሳየት ከአንድ በላይ ድንጋይ ቀለም ተነክሯል።

በዚህ ብቻ ሴትዮዋን መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የእኛም ነገሥታት የድሆችን ገድል በወርቅ አጊጠው አጽፈዋል። የማኅደሩ ቆዳ፣ የገበታው እንጨት፣ የብራናው ብዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳ ነው። ጌጥ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ንጉሡ ያጻፈው መጽሐፍ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ላይ ነው። በመታሰቢያው ዕለት ይነበባል፤ የኔ ቢጤውም ቆሞ ይሰማዋል። ያጻፈው ሰው ስም በጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ጸሎት ይደረግለታል። መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ ይጻፋል። ባለሀብቱ ገንዘቡን ይሰጣል፤ በልዋጩ የሚያገኘው በማኅበረ ምእመናኑ መታሰብን ነው።

ሌዲ ሚዩዝም በርእሱ ላይ ስሟን አስፍራለች። ልማዱ የእኛን ይመስላል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ስሙ የሚገባው ለጸሎት ነው፤ በእሷ ኅትመት ላይ የገባው ለባለቤትነት ነው። «የመባአ ጽዮን ገድል» የነበረው «የሌዲ ሚዩዝ ብራና» ሆነ። ለካስ በአንድ ቅጽል ብቻ መጽሐፍን ከቤቱ ማስወጣት ይቻላል።

የድንጋዩ በርና የብራናው ዕጣ

ሌዲ ሚዩዝ ማን ነበረች? ከዝቅተኛ ኑሮ ተነስታ፣ በቢራ ጠመቃ የከበረ ቤተሰብ ወራሽ የነበረውን ሰር ሄንሪ ሚዩዝን ያገባች ሴት ናት። ገንዘቡ የራሷ ሆነ፤ የለንደን ከፍተኛ ማኅበረሰብ ግን አልተቀበላትም። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ዊስለር ሥሏታል። ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው ቲዮባልድስ ፓርክ በተባለ ርስቷ የግብፅ ቅርሶችን ሰበሰበች፤ የእነሱንም ዝርዝር በጅ ጽፎላታል። ከግብፁ ስብስብ ጎን ለጎን የኢትዮጵያ ብራናዎችን ያዘች።

ብራናዎቹ ከየት መጡ? ሟቹ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በጥናቶቻቸው ከመቅደላ ከተዘረፉት ጋር ይቆጥሯቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የአምባውን ንብረት እንደዘረፈ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ እንደተደረገበት የታወቀ ነው። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሌሎቹ በወታደሮችና በመኮንኖች ሻንጣ ተበተኑ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡም በየግል ቤቱ ገቡ።

በቲዮባልድስ ፓርክ ሌላም ነገር ነበር። ቴምፕል ባር የሚባለው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የለንደን ከተማ መግቢያ የድንጋይ በር ለመንገዱ ጠቧል ተብሎ በ1878 ፈርሶ ነበር። ሚዩዞች ድንጋዮቹን ገዝተው በርስታቸው ላይ መልሰው አቆሙት። በሩ ከመቶ ዓመት በላይ ከቤቱ ርቆ ጫካ ውስጥ ቆመ። እንግሊዞች ግን አልረሱትም። ገንዘብ አዋጥተው፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው፣ በ2004 ወደ ለንደን መለሱት። ዛሬ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ቆሟል። «በሩ በቲዮባልድስ ይበልጥ ተጠብቆ ነበር፤ ለምን ይነቃነቃል?» ተብሎ አልቀረም። ድንጋይ እንኳ አገሩን ሲያገኝ ደስ ይላል።

ብራናዎቹስ? እዚህ ላይ ሴትዮዋ ለራሷ የምትመሰክርበት ቦታ እናገኛለን። በታኅሣሥ 1910 ስትሞት በኑዛዜዋ የኢትዮጵያ ብራናዎቿ ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ማዘዟ ታወቀ። ለብሪቲሽ ሙዚየም ወይም ለዘመዶቿ ሳይሆን ለምኒልክ! የመጻሕፍቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሕሊናዋ ሳይነግራት አልቀረም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ቢሆኑም በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1913 ነው። ኑዛዜው ግን አልተፈጸመም። ፓንክረስት እንደጻፉት ብራናዎቹ ተሸጡ፤ የገዛቸውም የአሜሪካው የጋዜጣ ከበርቴ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ነው። ለዐፄ ምኒልክ የታዘዘው መጽሐፍ አትላንቲክን ተሻገረ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። አንዲት ባለጸጋ ሁለት ነገር ያዘች፤ የለንደንን በርና የኢትዮጵያን ገድል። በሩ ኑዛዜ ሳይጻፍለት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገድሉ ኑዛዜ ተጽፎለት አልተመለሰም።

ሁለት ሙግቶች

ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ሁለት መልሶች መምጣታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው፦ «ባይወሰዱ ኖሮ ምስጥ ይበላቸው ነበር፤ አውሮፓ ስለሄዱ ተረፉ» የሚለው ነው። ለዚህ የአባ ገሪማ ወንጌል በቂ መልስ ነው። ዓድዋ አጠገብ በገዳሙ ውስጥ ያለው ይህ ወንጌል በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተጻፈ መሆኑ ተረጋግጧል። መነኮሳቱ ከሺህ ዓመት በላይ ሲጠብቁት ማንም ከምስጥ አላዳነላቸውም። በእርግጥ በአገራችን የተቃጠሉ፣ የጠፉ፣ ለቱሪስት የተሸጡ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ይህን መካድ አይገባም። ቢሆንም የጎረቤት ቤት ያፈሳል ተብሎ የቤቱ ዕቃ አይወሰድም።

ሁለተኛው ሙግት ይበልጥ ብልህ ነው፦ «እንዲህ ያለ ውብ ቅጂ ከታተመ ዋናው የት እንዳለ ምን ያስጨንቃል? ዛሬማ ገጾቹ ኮምፒውተር ላይ ማንም ሊያያቸው ይችላል» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የግሪግስ ሥራ ራሱ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው በዚያ ዘመን ሊገኝ በሚችለው ምርጥ ዘዴ ተሠርቶ እንኳ ቀለሙ ትርጓሜ ነው። ጽሑፉና ሥዕሉ ተለያይተዋል። የብራናው ክብደት፣ የዕጣኑ ሽታ፣ በሰም የተንጠባጠበው ገጽ፣ በብዙ ሰዎች መሳለም የተላሰው የሥዕሉ ጠርዝ በድንጋይ አይታተምም። ቅጂ ስለ ዋናው ይመሰክራል እንጂ አይወርሰውም። ቅጂን በዋናው ቦታ አስቀምጦ «አላችሁ» ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ማስታወስ ነው።

በሌላ በኩል ግን ቅጂን መናቅም አይገባንም። ዋናዎቹ በተበተኑበት ጊዜ የ1898ቱ መጽሐፍ ሰነድ ሆኗል። ብራናው ምን ሥዕል እንደነበረው፣ ምን ጽሑፍ እንደያዘ ይናገራል። ለባለጸጎች ተብሎ የተሠራው ጌጥ ሳያስበው የባለቤቱ ማስረጃ ሆነ። ሌዲ ሚዩዝ ይህን አስባ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኛ ድርሻ

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ሰውን መውቀስ ቀላል ነው።

በጅ ከእነዚህ ውድ ኅትመቶች ውስጥ የማርያምን ተአምራትና የእናቷን የሐናን ታሪክ ወስዶ በ1922 እና በ1923 ሰፊው አንባቢ ሊገዛው በሚችል መልክ አውጥቷቸዋል። የእንግሊዝ ተራ አንባቢ ከባለጸጋዋ ሳሎን የወጣውን ታሪክ በዚህ መንገድ አገኘው። እኛ ግን ዋናዎቹ ባለ ታሪኮች ሆነን ሳለን እነዚያን ሥዕሎች ከነግእዛቸው፣ ከነአማርኛቸው በአንድ መጽሐፍ አዘጋጅተን ለአገራችን አንባቢ የማቅረቡ ነገር እስካሁን ቁም ነገር ሆኖ አልያዘንም።

የአገር ቤት የሃይማኖት መጻሕፍት ኅትመት ታሪክ የሚናቅ አይደለም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን የመሰሉ ሰዎች ፊደል ገበታውንና የጸሎት መጻሕፍቱን በየቤቱ አድርሰዋል። ዛሬም ገድላትና ድርሳናት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በየዳሱ ይሸጣሉ። ወረቀታቸው ሳሳ ያለ፣ ስፌታቸው ቶሎ የሚፈታ ነው፤ ሥዕል ካላቸውም ብዙውን ጊዜ ከውጭ ካርድ ላይ የተቀዳ፣ ጸጉሩ ወርቃማ የሆነ ምስል ነው። ዳሩ ግን እነዚህ መጻሕፍት ይነበባሉ። እናቶች በነጠላቸው ጠቅልለው ይይዟቸዋል፤ በጠና የታመመ ሰው ትራስ ሥር ይቀመጣሉ። የብራናው እውነተኛ ወራሽ የ1898ቱ ቅጂ ሳይሆን ይህ በዳስ የሚሸጠው መጽሐፍ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ክብሩ አለው፤ ያጣው ጌጡን ነው።

እንዲህ ሆነና ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። ጌጡ ወደ ውጭ ሄደ፤ ንባቡ እዚህ ቀረ። እዚያ ያማረ፣ የማይሳለሙት መጽሐፍ አለ። እዚህ የሚሳለሙት፣ ያላማረ መጽሐፍ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው።

የሚያግደን ምንድን ነው? ሕግ አይደለም። ግሪግስ በ1911፣ በጅ በ1934 ሞተዋል፤ ሥራቸው ከባለመብትነት ዘመን ወጥቷል። ቴክኒኩም አይደለም፤ ግሪግስ በብዙ ድንጋይ የሠራውን ዛሬ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች በአንድ ቀን ያወጡታል። ዕውቀቱም አለ፤ ግእዝ የሚያርሙ፣ አማርኛውን የሚያቀኑ ሊቃውንት አሉን። የሚያስፈልገው አንድ አሳታሚ ነው፤ ጽሑፉን ከሥዕሉ አጠገብ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ ርእሱን «ገድል» ብሎ የሚጽፍ፣ የሌዲ ሚዩዝን ስም ከሽፋኑ አንስቶ በመቅድሙ ውስጥ በሐቅ የሚያስቀምጥ አሳታሚ። ዋጋውም የአንድ መምህር ኪስ የሚችለው ይሁን። በማይገዛ ጌጥ የሚታተም ከሆነ 300 የነበረው 301 ይሆናል እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ይህ ማለት ግን ዋናዎቹ ይመለሱ የሚለውን ጥያቄ መተው አይደለም። ከ1999 ጀምሮ አፍሮሜት የተባለው ማኅበር የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ጥቂቶችም ተመልሰዋል። ጥያቄው ግን ክብደት የሚኖረው ጠያቂው መጽሐፉን የሚያነብ ሕዝብ ሲሆን ነው። ያላነበብነውን መጽሐፍ መልሱልን ስንል ሰሚው ጌጡን የፈለግን ይመስለዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ባለቤት መሆናችን የሚታወቀው ደግሞ በማንበባችን ነው።

የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ልጁን ያወቀው ጽሑፉን ከእጁ ወስዶ ሲያነብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልጁ ሞቶ ነበር። እኛ ጽሑፉ ደርሶናል፤ ገና ስላላነበብነው ነው።